ፓውዛውና የአቶ አበራ ዓሣ

ይበልጣል እባላለሁ፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የብርሃን ጨረር ሲስል የኖረ ሰው ለአንድ አኳሪየም መብራት መምረጥ ያቅተዋል ብሎ ማን ይገምታል? እኔ በበኩሌ አልገመትኩም። ለዚህ ነው ማንንም ሳልጠይቅ ሄጄ ፓውዛ ገዝቼ የመጣሁት።

አኳሪየሙ የባለቤቴ የትዝታ ነው። ከእሷ በፊት ግን የአባቷ የአቶ አበራ ነበር። አቶ አበራ የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ባለሙያ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ጊዜ አራት ቀያይ ዓሦች ውሃ በተሞላ ፌስታል ይዘው፣ ከአዲስ አበባ እስከዚህ አውቶቡስ ላይ ታቅፈዋቸው መጡ። አምና እሳቸው ሲያርፉ አኳሪየሙ ወደ እኛ ቤት ገባ። ሦስቱ ዓሦች ተራ በተራ ሞቱ፤ ጅራቱ ጫፍ ላይ ነጣ ያለው አንዱ ብቻ ቀረ። ትዝታ ሥራ ከመግባቷ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብላ በሀዲይኛ ታወራዋለች። ከምትለው ግማሹ ባይገባኝም የምታወራው ከማን ጋር እንደሆነ ይገባኛል።

ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ዱራሜ ስትሄድ አደራ ያለችኝ ዓሣውን ብቻ ነው። እኔ ምን እንደምበላ እንኳ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አደራ ተቀብሎ አርፎ መቀመጥ ደግሞ አይሆንልኝም። አኳሪየሙ ያለበት ጥግ ጨለም ያለ ነው። ስትመለስ ዓሣዋ እንደ ሙሽራ ደምቆ ቢጠብቃት ብዬ፣ በሄደች በሳምንቱ ሰው ግቢው በር ላይ የሚሰቅለውን ባለ ሃምሳ ዋት ኤልኢዲ ፓውዛ ከላይ ገጠምኩለት። ማብሪያውንም ጨርሶ አላጠፋውም ነበር። እዚህ ከተማ መብራት እንደፈለገ ይሄዳል፣ እንደፈለገ ይመጣል፤ ስለዚህ ስልካችንን ሶኬት ላይ ሰክተን እንደምንተወው ሁሉ ዓሣውም በመጣ ሰዓት የድርሻውን ያግኝ አልኩ። መብራቱ ደግሞ ቀን ጠፍቶ ይውልና እኛ ከተኛን በኋላ ይመጣል። ፓውዛው እስኪነጋ ሲያበራበት ያድራል ማለት ነው።

ፓውዛው በተገጠመ በአራተኛው ቀን ዓሣው ድንጋዩ ሥር ገባ። በስድስተኛው ቀን መብላት ተወ። ውሃው አረንጓዴ፣ እሱ ደግሞ ቅላቱ ጠፍቶ ገርጣ ያለ ነገር ሆነ። ትዝታ አመሻሽ ላይ እየደወለች እንዴት ነው ትለኛለች፤ ደህና ነው እላለሁ። በላ ወይ ስትለኝ፣ በላ እላለሁ። ስልኩን እዘጋና ድንጋዩ ሥር አጎንብሼ አያለሁ። አቶ አበራ ሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም በእኔ እጅ ሊሞቱ ነው ብዬ ከልቤ ፈራሁ።

ችግሩ የብርሃን ማነስ ነው ብዬ ደመደምኩ። እናም ባለ መቶ ዋት ልገዛ ወደ ኤልሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ኤልሳ ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ በፊዚክስ ከክፍሏ መጨረሻ አካባቢ ነበረች። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራት ዕቃውን ከማውረድ ይልቅ ትጠይቀኝ ጀመር። ውስጡ የተተከለ ነገር አለ ወይ አለች። አንድ ዓሣና አንድ ድንጋይ ነው አልኳት። ማታስ ስንት ሰዓት ነው የሚያጠፉት አለች። አላጠፋም አልኳት። የያዘችውን ጥቅል ገመድ አስቀመጠች።

“ቲቸር፣ ተክል ከሌለበት መብራቱ የሚጠቅመው ለእርስዎ ነው እንጂ ለዓሣው አይደለም። ዓሣ እኮ የዓይን ቆብ የለውም። እንዴት ብሎ ይተኛ?”

 ለካ ስምንት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ስነሳው ነበር።

ኤልሳ ለአንድ ሆቴል አኳሪየም መብራት ገጥማ ታውቃለች። እኔ ባለ ሪሞቱን፣ ቀለሙን የሚቀያይረውን አይቼ ወደድኩት፤ እሷ ግን ሰማያዊ ብርሃን ቀዩን ዓሣ ያጠቁረዋል ብላ መልሳ ሰቀለችው። የሰጠችኝ ውሃ እንዳያስገባ በላስቲክ የተሸፈነ፣ ከቢጫም ከነጭም መሐል የሆነ፣ ስድስት ዋት ብቻ የሚፈጅ፣ እንደ ጥብጣብ የቀጠነ ስትሪፕ መብራት ነው። በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳላበራው አስጠነቀቀችኝ። በራሱ የሚያጠፋ ታይመር ስጠይቃት ልትሸጥልኝ አልፈለገችም፤ መብራት ሲሄድ ታይመሩም ስለሚቆም በሳምንቱ ቀኑን ከሌሊት ያምታታዋል አለች። በእጄ እንዳጠፋው ነገረችኝ።

ቤት ገብቼ ፓውዛውን ነቀልኩ። የውሃውን ሲሶ ቀድቼ በጀሪካን አድሮ በነበረ ውሃ ተካሁ። ከዚያ ሁለት ቀን አኳሪየሙን ቡልኮ አለበስኩት። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቡልኮውን ገፍፌ ስትሪፑን አበራሁና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ አፍንጫው ብቅ አለ። ቆይቶ ሰውነቱ በሙሉ ወጣና የጣልኩለትን ምግብ ዋጠ። እፎይ ያልኩት ጎረቤት ሳይሰማኝ አልቀረም። ዓይኔም እንባ አቀረረ፤ አላፍርበትም።

ቅዳሜ ትዝታ መጣች። ወደ አኳሪየሙ ዞራ እንኳ ሳታይ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እጄን ያዘች።

“ይበልጣል፣ መቼ ነው የሞተው?”

ማን አልኳት።

“ዓሣው። ደህና ነው ስትለኝ ድምፅህ ያስታውቃል። እኔ እዚያው ዱራሜ አልቅሼ ጨርሻለሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስብ የመጣሁት አንተን እንዴት እንደማጽናናህ ነው።”

 እጇን እንደያዝኩ ወደ ጥጉ ወሰድኳትና መብራቱን አበራሁላት። ዓሣው ከድንጋዩ ጀርባ ወጥቶ ወደ እሷ መጣ። ትዝታ አፏን በሌላው እጇ ከድና ቆማ ቀረች። ከዚያ ከፓውዛው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት፤ እሷም እጄን ሳትለቅ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።