የፒ መሳቢያ

የሰፈሩ ሰው «መዝገቡ» ይለዋል። ስሙ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጅ ጸጉሩ ሸበተ፣ ወገቡ ጎበጠ፣ እውነተኛ ስሙም ተረሳ። ዛሬ ከሰዓት የመጨረሻው የማረሚያ ቅጂ ማተሚያ ቤት ይገባል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፒሪክ ቪክትሪ» ለሚለው ሐረግ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር። ፍቺውን «ብዙ መሥዋዕትነት ተከፍሎበት ከሽንፈት የማይሻል ድል» ብሎ ጽፎታል። ምሳሌው ግን አልመጣ አለው።

ድሮ ቢሆን አይቸገርም ነበር። ምሳሌ የሚያገኘው ከሚስቱ አፍ ነው። እሷ ከጓዳ አንድ ነገር ጣል ስታደርግ እሱ ካርድ መዝዞ ከነቀኑ ይጽፋል። ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል ባል አልነበረም፤ አሳምሮ ይሰማታል፣ የሚሰማው ግን ቃሉን ነው። ከሞተች ሁለት ዓመት አለፈ፤ የትኛውንም ገጽ ቢገልጥ ድምጿ ይመጣበታል። «ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ።» «ዛሬ እንኳ በጊዜ ተኛ።» ያስፈራዋል፣ ደግሞም ይናፍቀዋል።

ፊት ለፊቱ ልጁ ተቀምጣ ቅጂውን ታነባለች። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ወደዚህ ቤት የሚያመጣት ይኸው ሥራ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ እግሯ እንዳይቀር ይሰጋል። የቀረችለት እሷ ብቻ ናት።

ድንገት እስክሪብቶዋ ቆመ።

«አባዬ፣ ‹ፔይን› ከሚለው ቃል ሥር ያለው ምሳሌ የማን ነው?»

«የቱ?»

«‹ደረቴ ላይ ውጋት ይዞኛል፤ ደረጃ መውጣት አቃተኝ።›»

መልሱን ሳትጠብቅ ተነስታ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ከተደረደሩት የካርድ መሳቢያዎች የ«ፒ»ን ሳበች። ካርዱ እዚያው ነበር፣ በእሱ እጅ ጽሑፍ። ቀኑ እናቷ በልብ ሕመም ከመሞቷ ዘጠኝ ወር በፊት ነው።

«ሐኪሙ ቀደም ብሎ ያማት እንደሆነ ሲጠይቅህ፣ ‹ትንፍሽ አላለችም› አላልክም?»

ሲናገር አልዋሸም። ያኔ ጨርሶ ረስቶት ነበር።

«ምን ብለህ መለስክላት?»

ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ማን ይመሰክርበታል? ግን ሁሉም ነገር ፊቱ ላይ ድቅን አለ። ሚስቱ በሩን ተደግፋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እሱ «ውጋት» የምትለዋን ቃል በማግኘቱ ፈንድቆ፣ እርሳስ ሲፈልግ።

«‹ድገሚልኝ› አልኳት።»

«ደገመችልህ?»

«አዎ» አለ። «እንድጽፈው ብላ፣ ቀስ አድርጋ።»