ሰይጣን ሲናገር ያምርበታል

አቶ ኅሩይ አዲስ አበባ ሳሉ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሦስት መቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸውን የእንግሊዝ ግጥሞች ያስተምሩ ነበር። አንድ ነገር ይደጋግማሉ፦ «በነዚህ ግጥሞች ሰይጣን ሲናገር ያምርበታል፤ እግዜር ግን እንደ ደንብ አንባቢ ነው። ገጣሚው ዐውቆ ነው፤ እኛም ሳንታለል ክፋትን አናውቃትም።»

በስልሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ከፊት ወንበር የማይጠፋው ተማሪያቸው ኃይለመለኮት በውይይት ክበብ ተነሥቶ፣ «መምህሩ ሰይጣን የሚሉት አብዮቱን ነው» ብሎ አጋለጣቸው። አነጋገሩ እንዴት ያማረ ነበር! ቤቱ በጭብጨባ ሲናጋ እሳቸውም ለማጨብጨብ ምንም አልቀራቸውም። አሥራ አንድ ወር ታሰሩ።

ሲፈቱ በሱዳን በኩል ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ ገቡ። ለዛቫንሼ በሚባል ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሸዋረጋ ጋር ተቀመጡና ሆቴል ውስጥ አንሶላ ማጠፍ ያዙ። የጥገኝነት ማመልከቻቸውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ጻፉ። የስደተኞች ጉዳይ ሹሙ አንብቦ፣ «በግጥም ሰው ይታሰራል?» አለና ቀጠሮ ሰጣቸው። ቀጠሮው ቀጠሮ ወለደ።

በሰባ አራት የዙሪክ ተማሪዎች በድሮ ግጥም ውስጥ ስላሉት ደግና ክፉ እንዲናገሩ ጋበዟቸው። ያችኑ ትምህርት አቀረቡ። አንድ ፀጉረ ረጅም ልጅ ተነሥቶ፣ «ሰይጣኑ በጨቋኝ ላይ ያመፀ ታጋይ ነው፤ እርስዎ አድሃሪ ነዎት» አላቸው። በጀርመንኛም ብትሆን ቃሏን ዐወቋት።

ሲወጡ በሩ ላይ አንድ ከሲታ ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው። ኃይለመለኮት ነበር። በተራው ጓዶቹ አጋልጠውት አምልጦ፣ አሁን ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን በሚባል ቦታ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል።

«መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ። የጥገኝነት ማመልከቻዬን እኔ ስጽፈው አልሆን ስላለኝ አንድ የምስክር ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ያውቁኛል እኮ።»

«ማወቁንስ ዐውቅሃለሁ» አሉ አቶ ኅሩይ።

ቤት ሲገቡ ወይዘሮ ሸዋረጋ ጮኹ። «ላሳሰረህ ሰው?»

«ቢመልሱት ይገድሉታል።»

«ይግደሉታ!» አሉ፤ ወዲያው አማተቡ። «አፌ ነው። ጻፍለት።»

ሦስት ቀን ጻፉ። ያሳሰራቸው እሱ መሆኑን ብቻ ዘለሉ እንጂ ውሸት የለበትም፤ ውበቱ ግን ራሳቸውንም አሳፈራቸው። ኃይለመለኮት በአሥር ሳምንት ፔርሚ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አገኘ። ቸኮሌት ይዞ ሊያመሰግን መጣ።

«የእርስዎስ?»

«ቀጠሮ አለኝ።»

ኃይለመለኮት ቸኮሌቱን አስቀመጠና፣ «ለምን እንደታሰሩ ከእኔ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?» ብሎ ወረቀት ለመነ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እየሰረዘ እየደለዘ፣ «ያጋለጥኳቸው እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ።

አቶ ኅሩይ አንብበው ደነገጡ። «ይህን ካዩ እኮ የአንተን ይነጥቁሃል!»

«ዐውቃለሁ።»

«አይላክም!»

«ይላካል!»

ሁለቱ ስለ ኃጢአትና ስለ ንስሐ ሲከራከሩ ወይዘሮ ሸዋረጋ ፖስታውን አሽገው፣ ካፖርታቸውን ደርበው ወረዱና ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት።

በወሩ የአቶ ኅሩይ ፔርሚ መጣ። የኃይለመለኮትን ማንም አልነካበትም፤ የሁለቱ ፋይል በሁለት ከተማ ስለነበረ ያገናኛቸው ሰው አልተገኘም።