የዳገት ጥርስ

የመካኒኩን ፒክአፕ የማያውቅ ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ ከመታየቱ በፊት ይሰማ ነበርና። ገና ከአስፋልቱ ሳይታጠፍ ልጆቹ «ዳገቴ መጣ» ይላሉ። ዳገቴ የሚሉት መኪናውን ይሁን ባለቤቱን ለይቶ የሚያውቅ የለም። እሱም አይለይም፣ ሲጠሩት «አቤት» ይላል።

ስሙን ያገኘው በገዛ እጁ ሥራ ነው። ከዓመታት በፊት የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የፒክአፑን ዲፈረንሻል ፈትቶ ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ያወጣውን ጥርስ ገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ፒክአፑ ዳገት አይመርጥም፤ ሌላው በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስትበትን አቀበት እሱ ጭነቱን ተሸክሞ በሦስተኛ ይወጣዋል። ነገር ግን መኪና ላይ በነጻ የሚገኝ ነገር የለም። ጎማው አንዴ እንዲዞር ድሮ አራት ጊዜ ያህል ይዞር የነበረው ሞተር፣ አሁን ወደ ስድስት ጊዜ ይዞራል። ጎማዎቹም ትንንሾች ስለሆኑ አንድ ዙራቸው ብዙ መንገድ አይበላም። ከተማ ውስጥ ይህ አይታወቅም። አውራ ጎዳናው ላይ ወጥቶ ዘጠና ሲነዳ ግን አምስተኛ ማርሽ ገብቶም የዙር ቆጣሪው መርፌ አራት ሺህ አካባቢ ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ እሪ ይላል፣ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰውም የጎረቤቱን ድምፅ መስማት ይቸግረዋል።

ይህን በፊቱ መናገር ግን ነውር ነበር። ታናሽ ወንድሙ አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና እኮ ትጮሃለች» ቢለው «ብትጮህም ዳገት ላይ ሰው አትለምንም» ብሎ መልሶለት ወር ሙሉ አኩርፎታል። ራሱም ቢሆን እዚያ ጋቢና ውስጥ «አልሰማሁም፣ ድገሚው» ብሎ አያውቅም። አልሰማሁም ማለት መኪናዬ ይጮሃል ብሎ ማመን ነው፤ ያንን ከማመን ራስን መነቅነቅ ይቀላል። ሚስቱ ስታወራ ፊቷን ሰረቅ አድርጎ ያያል፤ ከሳቀች ይስቃል፣ ካልሳቀች ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ ትዳሩም ደህና የሚሄድ ይመስለው ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ወደሚኖሩበት ወደ ታችኛው ከተማ ይወርዳሉ፤ ሽማግሌው ብቻቸውን ስለሆኑ ልብሳቸውን አጥባ፣ ቤታቸውን ጠርጋ፣ መድኃኒታቸውን አይታ ትመለሳለች። ከሳምንቱ ውስጥ ባልና ሚስቱ ሰው ሳያቋርጣቸው ጎን ለጎን የሚቀመጡት እዚያ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ቤት ውስጥማ እሷ ከደንበኞቿና ከስፌት ማሽኗ ጋር ናት፤ እሱ ማታ ከጋራዥ ገብቶ፣ የእጁን ቅባት አስለቅቆ፣ ራቱን እንደበላ ሶፋው ላይ ያንቀላፋል።

ነገር የመጣው አንድ ቅዳሜ አስቸኳይ ሥራ ይዞት ጋራዥ የዋለ ዕለት ነው። ታናሽ ወንድሙ መድኃኒት አከፋፋይ ስለሆነ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ያንኑ መንገድ ይመላለሳል። «እትዬን እኔ ላድርሳት» አለ። ዳገቴም «ተባረክ» አለው፣ አፉ እንዳመጣለት።

ወደ ማታ ሲሆን ቤት ገብቶ መስኮት ጋ ቆሞ ጠበቃቸው። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ማንም አልወረደም። ሚስቱ ወደ ወንድሙ ዞራ ታወራለች። እጇ ይወራጫል፣ ወንድሙ መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች፣ ደግሞ ሌላ ትጀምራለች። ከባሏ ጋር ስትመለስ እኮ መኪናው በቅጡ ሳይቆም በሩን ከፍታ፣ ጆሮዋን እያሻሸች ነው የምትወርደው። ስትገባ ፊቷ ፍክት ብሏል።

«ደህና ገባሽ?» አላት።

«ደህና። የሱ መኪና እኮ እንቅልፍ ይወስዳል። ስንሄድ ግማሹን መንገድ ተኝቼ ነው የደረስኩት።»

እንቅልፍ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሱ አጠገብ፣ እዚያ መንገድ ላይ፣ አንድ ቀን ዓይኗን ከድና አታውቅም። ሰው የሚተኛው ልቡን ባሳረፈበት ቦታ ነው ብሎ አሰበ። ያን ዕለት ሶፋው ላይ አላንቀላፋም፤ ቅናት እንደ ምስጥ ከውስጥ ሲበላው አመሸ። የተቀናበት ደግሞ ባዳ ቢሆን አንድ ነገር ነበር፤ በጀርባው አዝሎ ያሳደገው ወንድሙ ነው፣ ለሚስቱም ዋርሳዋ።

ከዚያ በኋላ የወንድሙ ጉዞ ሁሉ ቅዳሜ ላይ እየዋለ መጣ። እሷም «ሥራ ካለህ ግዴለም፣ ከሱ ጋር እሄዳለሁ» ማለት አመጣች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና በሦስተኛው ሳምንት «እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አለና እንደ እንግዳ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ።

አውራ ጎዳናው ላይ ሲወጡ በሁለቱ ወንበሮች መሃል አንገቱን አስግጎ ሰዓቶቹን አየ። ፍጥነቱ ዘጠና ነው፤ የሞተሩ ዙር ግን ከሁለት ሺህ ብዙም አላለፈም። ሞተሩ መሥራቱ የሚታወቀው መርፌው ዜሮ ላይ ባለመሆኑ ብቻ ነው። መካኒክነቱ አደነቀ፣ ባልነቱ አረረ። ሚስቱ ከተነሱበት ጊዜ አንስቶ አፏ አላረፈም። ስለ አንዲት ደንበኛዋ ልብስ አወራች፤ ሴትዮዋ ልኳ በተወሰደ ቁጥር ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ ልብሱ ሲጠባት «አንቺ ነሽ ያጠበብሽው» እንደምትላት። ዳገቴ ከኋላ ሆኖ ሳያስበው ሳቀ። ሚስቱ ይህን ያህል ጨዋታ አዋቂ መሆኗን አያውቅም ነበር፤ ማወቁም ደስ በማሰኘት ፈንታ ቁጭት ሆነበት፣ ለሌላ የተቀመጠ ነገር ሰርቆ የቀመሰ መሰለው።

«ያ ነገርስ ከምን ደረሰ እትዬ?» አለ ወንድሙ።

«አለቀ እኮ» አለች፣ ድምፅዋ ትንሽ ወረድ ብሎ።

«ቆርጠሻል ማለት ነው?»

«ምን ላድርግ ብለህ ነው?»

ዳገቴ ከኋላ ደሙ ፈላ። የቱ ነገር ነው ያለቀው? በሹክሹክታ ቢሆን እንኳ ይገባው ነበር፤ እነዚህ ግን ፊቱ ላይ ነው የሚያወሩት። እንዴት ቢንቁት ነው? መጠየቅ ፈለገ፣ ግን አፈረ። ባል የሚስቱን ነገር ከወንድሙ ሊጠይቅ ነው? እዚያ ሲደርሱም ሲመለሱም ዝም አለ። ወንድሙ «ጋሼ ምነው ዛሬ?» ቢለው «ራሴን አሞኛል» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጋራዡን ለራሱ ሥራ ከፍቶ ፒክአፑን ክሪክ ላይ ሰቀለው። የዳገቱን ጥርስ አውጥቶ፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣውን የፋብሪካውን ጥርስ ጠርጎ መለሰለት። ከዚያ ጎማ ሊያስቀይር ጎሚስታው ዘንድ ሄደ። ጎሚስታው ዳገቴ የመረጠውን ትልልቅ ጎማ አይቶ ወደ ዳገቴ፣ ከዳገቴ ወደ ጎማው ተመለከተ።

«ዲፈረንሻሉን መልሰህ፣ በላዩ ይህን ጎማ?»

«አዎ።»

«ዳገቱን እርሳው በለኛ። ሜዳ ላይ ግን እንደ ውኃ ይፈሳል። ደግሞ የፍጥነት ሰዓቱን አትመነው፤ እሱ የሚቆጥረው በትንሹ ጎማ ነው። ዘጠና ሲልህ አንተ መቶ ደርሰሃል።»

«አውቃለሁ።»

«ማወቁንስ ታውቃለህ። ምን ነክቶህ ነው? ሰው ስሙን ያስቀይራል እንዴ?»

ምን ነክቶህ ነው የሚለውን ሰው ሁሉ ጠየቀው። «ነዳጅ ለመቆጠብ ነው» አለ። ነዳጅስ በእርግጥ ይቆጥባል፤ እሱ ግን ሊያስመልስ የፈለገው የሚስቱን እንቅልፍና ወሬ ነበር። ወንድሙን በመኪና ካሸነፈው ሌላው ሁሉ የሚመለስ መሰለው። ሞኝ ነው እንዳይባል ደግሞ ሌላ መሣሪያ አልነበረውም፤ እጁ የሚያውቀው ይህንን ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ወንድሙ ደውሎ «እትዬን ልውሰዳት?» ቢል «ባሏ አለ» አለው።

አውራ ጎዳናው ላይ ወጡ። ዳገቴ አምስተኛ ማርሽ አስገብቶ እግሩን ቀለል አደረገ፤ መርፌው ከሁለት ሺህ ትንሽ አለፍ ብሎ ረጋ። ሚስቱ ቀና አለች።

«ምነው? ሞተሩ ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም። አስተካክዬው ነው።»

«ታዲያ እንዲህ መሆን ይችል ነበር?» አለችና ወደ ውጭ መመልከት ጀመረች።

አልተኛችም። አላወራችም። ሲጓዙ ሲጓዙ ጋቢናው ውስጥ ከነፋሱ በቀር የሚሰማ ጠፋ። ዳገቴ ሲጠብቀው የሰነበተው ወሬ አልመጣለትም፤ ሆዱ ውስጥ የታመቀው ግን መጣ።

«ከወንድሜ ጋር የምትደባበቁት ምንድን ነው?»

«ማን ተደበቀ?»

«ያ ነገር ያላችሁት። አለቀ ያልሽው።»

«የሱቁ ነገር ነዋ።»

«የምን ሱቅ?»

ሙሉ በሙሉ ወደሱ ዞረች። የቀለደ መስሏት ፊቱን ፈለገች፤ ቀልድ አጣችበት።

«አባቴ ሰፈር የተከራየሁት ሱቅ። ከጀርባው ክፍል አለው፣ እዚያው እየሰፋሁ እዚያው ልኖር። ሱቁን ሲፈልግልኝ የከረመው ወንድምህ ነው።»

«ለሱ ነገርሽው፣ ለኔ ሳትነግሪኝ» አለ።

«በመጀመሪያ የነገርኩት ለማን ሆነና ነው? ለአንተ ነው። እዚህ መኪና ውስጥ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ሆኜ። አባቴ ብቻቸውን መሆን አይችሉም፣ እዚያ ብኖር ቅር ይልሃል ወይ አልኩህ። ራስህን ነቀነቅህ። ግራ ገባኝና በሌላው ሳምንት ደገምኩልህ። በየሳምንቱ እየመጣህ ታየኛለህ ወይ አልኩህ። ያን ጊዜማ ፈገግ ብለህ ነበር።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሚስቱ ልሂድ ስትለው ፈገግ የሚል ሰው ምን ይባላል? እኔ እኮ አንድ ጊዜ አትሂጂ ትለኛለህ ብዬ ነበር የጠየቅሁህ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእሱ ጆሮ ለሚስቱም ባዳ ሆኖ ኖሯል። ወንድሙ ያለው ጸጥ ያለ መኪናና የሚሰማ ጆሮ ብቻ እንደሆነ ዳገቴ አሁን ገባው። ቅናቱ ግን አልለቀቀውም፤ ባሰበት እንጂ። ያ ሁሉ ወሬ ለሱ ተነግሮ፣ ከሱ አልፎ ወንድሙ ጋ ነው የደረሰው።

የመንገዱ ትልቅ ዳገት ፊት ለፊታቸው መጣ። ፒክአፑ መጎተት አቃተው፤ ፍጥነቱ እየወረደ፣ ሞተሩ እየታፈነ ሄደ። ወደ ሦስተኛ መመለስ ነበረበት፤ ያኔ ዙሩ ይወጣል፣ ጩኸቱም ይመለሳል። ዳገቴ ማርሹን አልነካም። ጥግ ይዞ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። አንድ ከባድ መኪና እያጓራ አለፋቸው፤ እስኪርቅ ጠበቀ።

«አልሰማሁሽም ነበር» አለ።

«የቱን?»

«የሱቁን። መኪናው ይጮሃል። አልሰማሁሽም፣ አልሰማሁም ማለት ደግሞ አሳፈረኝ።»

ሚስቱ ዓይኑን አየችው። በዚያ መንገድ ላይ በአሥራ አንድ ዓመት የነገረችው ሁሉ በፊቷ ሲያልፍ ይታይ ነበር።

«ስንቱን ነው ያልሰማኸው?»

መዋሸት ይችል ነበር፤ ጥቂቱን ቢል ታምነው ነበር።

«ሁሉንም» አለ። «አትሂጂ።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች፣ ደግሞ መልሳ ዘጋችው።

«የሱቁን ቁልፍ ሰኞ ነው የምቀበለው» አለች በመጨረሻ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ዳገቴ የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወንበሩ ላይ ወደ እሷ ዞሮ ተቀመጠ።