የኦቦ ኤጄታ መስኮት

አምቦ ውስጥ ፎቶ ቤት ሁሉ መስኮቱ ላይ የሚሰቅለው ሙሽራ ነው። ኦቦ ኤጄታ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የሰቀለው ፊቱን ፈንጣጣ የጠቀጠቀው ገበሬ፣ እንቅርት ያወጣች የእንጭኒ ገበያተኛ፣ የፊት ጥርሱ ያለቀ የወንጪ ፈረሰኛ ነው። ሙሽሮች ያዩና ወደ ማዶው ፎቶ ቤት ይሻገራሉ። የከተማው ሰው ምላሱ አያርፍምና ቤቱን «ጉድ ቤት» አለው። ኤጄታ ጆሮ ዳባ ልበስ!

ልጁ ለንሳ ግን ቆሽቷ እያረረ ነው ያደገችው። በ1986 ዓ.ም. ደግሞ ባሰ። የእጮኛዋ የገመቺስ እናት፣ ወይዘሮ ሸዋነሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩዋት ቅዳሜ ከአዲስ ዓለም ይመጣሉ። የእነ ለንሳ መኖሪያ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ስለሆነ በዚያ መስኮት ሳያልፉ መግባት የለም።

«አባዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ አውርዳቸው» አለችው ዐርብ ጠዋት። «ቆንጆ ሰው ጠፍቶ ነው እነዚህን የምትመርጠው?»

ኤጄታ የሚያጸዳውን ካሜራ አስቀመጠ። ይህን ጥያቄ ስንቱ ጠይቆት በሳቅ አልፎታል። ለልጁ ግን መለሰላት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ ያነሳሁት እናቴን ነው። ፈንጣጣ ፊቷን አርሶት ነበር። ኔጌቲቩ ላይ በሹል እርሳስ ጠባሳዋን አንድ በአንድ ደፈንኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የሕፃን ጉንጭ አስመስዬ፣ ደስ ይላታል ብዬ ሮጬ ወሰድኩላት። ይዛው ብዙ ቆየችና ‹ኤጄታ፣ አንተም ታፍርብኛለህ እንዴ?› አለችኝ።»

ኤጄታ ካሜራውን መልሶ አነሳ።

«ሌላ ፎቶ ሳትነሳ ሞተች። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ፊት ሳይ እግሬ አልሄድ ይለኛል። ሳላነሳው ባልፍ እሷን ዳግመኛ የደፈንኳት ይመስለኛል።»

ለንሳ ገባት። መግባትና አለመፍራት ግን ለየቅል ናቸው።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ተከናንበው መጡ። ለንሳ «አካም ጅርቱ!» ብላ ጎንበስ አለች። እሳቸው ግን መስኮቱ ፊት ተገትረዋል። ለንሳን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት።

«እነዚህን ያነሳው ማነው?» አሉ ዘወር ሳይሉ።

«ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ነው» የምትል ውሸት ከትናንት ጀምሮ ተዘጋጅታ ነበር። ለንሳ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ዓይኗ ከእንጭኒዋ ሴት ላይ አረፈ። ሴትየዋ አገጯን ቀና አድርጋ ከልቧ ትስቃለች። ለንሳ ስንት ዓመት ሙሉ እንቅርቷን እንጂ ሳቋን አይታው አታውቅም።

«አባቴ ነው!» አለች፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ። «ሁሉንም ያነሳው የኔ አባት ነው!» በሕይወቷ እንዲህ ኮርታ አታውቅም።

ወይዘሮ ሸዋነሽ ነጠላቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው የፈንጣጣ ጠባሳ ነው።

«በልጄ ሰርግ ከካሜራ እንዴት እንደምሸሽ ነበር መንገዱን ሙሉ ሳስብ የመጣሁት» አሉ። ከዚያ በሩ ላይ ወደ ቆመው ኤጄታ ዞሩ። «ኦቦ ኤጄታ፣ እኔንስ ያነሱኛል?»

«ምን ገዶኝ! ይግቡ እንጂ።»

ወንበሩ ላይ አስቀመጧቸው። ከፊት ለፊት የበራ መብራት ጠባሳን ይሸሽጋል፣ ከጎን የበራ ግን አንዷንም ሳይተው ያሳያል፤ ለንሳ ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች።

«እማማ፣ እንዴት ይሁንልዎት?» አለቻቸው።

«እንዳለሁ» አሉ ቀና ብለው።

ለንሳ አባቷን ሳትጠብቅ መብራቱን አንስታ ወደ ጎን ወሰደችው።