የአፀደ ጓዳ

ሐመልማል ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው ሐምሌ ላይ፣ አሰላ በጉም ተሸፍና በዋለችበት ቀን ነው። በምትሠራበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ተቀምጣ ፋይል ትለይ ነበር። ክር፣ ክር፣ ክር። ጥፍር ደረቅ ነገር ላይ ሲሄድ የሚሰማ ድምፅ። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ሁሩታ ባደገችበት ቤት፣ ከጓዳው ግድግዳ ማዶ፣ እናቷ አፀደ ራሷን ስታክ ልጅነቷን ሙሉ ሰምታዋለች።

አፀደ ግን ከሞተች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተዋትም። ባጃጅ ውስጥ ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ሳለች እንኳ ይመጣል። ዞር ስትል ማንም የለም። አበደች እንዳይሏት ፈርታ ለማንም ሳትናገር ከረመች።

አንድ ከሰዓት አብራት የምትሠራው ሀሊሜ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «ማል ታቴ፣ ሐሜ? ምን ሆነሻል? ኧረ እጅሽን ከራስሽ ላይ አንሺ!» አለቻት።

ሐመልማል እጇን አወረደች። ድምፁ ቆመ። ጥፍሯ ሥር ደም ነበር፤ ጥቁር ሹራቧ ትከሻ ላይ ነጭ ቅርፊት ረግፏል።

መታጠቢያ ቤት ገብታ ሻሿን ፈታች። ከጆሮዋ ጀርባ እስከ ማጅራቷ ቆዳዋ ቀልቷል፤ ላዩ ላይ ብርማ ቅርፊት ተነባብሯል። መስታወቱ ውስጥ ያለው የእናቷ ራስ ነው።

በሽታው አፀደ ላይ ሲወጣ ሐመልማል ሰባት ዓመቷ ነበር። አንዱ ጎረቤት ቆረቆር ነው አለ፣ ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ። አፀደ ጠበል ተጠመቀች፣ ፀጉሯን ተላጨች፣ በመጨረሻም ነጭ ጋዝ እያሸች ቆዳዋን አቆሰለችው። መኝታዋ ወደ ጓዳ ተዛወረ፤ ሳህኗና ብርጭቆዋ ተለየ። ሐመልማል እናቷ የነካችውን አትበላም ነበር። አንድ ፋሲካ አፀደ ፀጉሯን ልትሠራላት ስትጠራት፣ ሐመልማል «አትንኪኝ! ይጋባብኛል!» እያለች ወደ ግቢ ሮጣለች። አፀደ ከዚያ በኋላ ነይ ብላት አታውቅም።

ሐመልማል ሐኪም ዘንድ እስክትሄድ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የቆዳ ሐኪሙ፣ ዶክተር የኋላሸት፣ ፀጉሯን እየከፈለ በጥንቃቄ አያት።

«ሶሪያሲስ ይባላል» አላት። «የሰውነትዎ መከላከያ ተሳስቶ የራስዎን ቆዳ እየተዋጋ ነው። በወር ሊታደስ የሚገባው ቆዳ በጥቂት ቀን ይወጣና ይከመራል። ብርድና ጭንቀት ያብሱታል። ከቤተሰብ ይሄ ያለበት ሰው አለ?»

«እናቴ ነበረባት። ከእሷ ተጋብቶብኝ ነው?»

«በዘር ሊመጣ ይችላል። በመንካት፣ አብሮ በመብላት፣ በማበጠሪያ ግን አይጋባም።»

«በመንካት አይጋባም?»

«በጭራሽ።»

ከሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት እንደሌለ፣ ግን በሕክምና እንደሚበርድ ነገራት። ቅርፊቱን የሚያለሰልስ ቅባት፣ ቁጣውን የሚያበርድ ፈሳሽና ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት ሻምፑ ጻፈላት። ቅርፊቱን በጥፍሯ እንዳትልጥም አስጠነቀቃት።

ቅዳሜ ሁሩታ ወረደች። በዚያ ቤት የቀሩት የአባቷ እህት እትዬ አሰፋች ብቻ ናቸው።

«እትዬ፣ የእማዬ በሽታ አይጋባም ነበር» አለቻቸው ገና ሳትቀመጥ።

አሰፋች በርጩማ ሳቡላት። «እናውቅ ነበር» አሉ። «አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር አይቷት ነግሮናል። አባትሽ ያን ዕለት መኝታዋን ሊመልስ ጓዳ ገባ። እምቢ ያለችው እሷ ናት።»

«ለምን?»

«‹ልጄ ስታየኝ ትንቀጠቀጣለች፤ ራሷ እስክትመጣ ተዉኝ› አለች።»

ሐመልማል ተነሥታ ወደ ጓዳው ገባች። የገብስ ጆንያ ተደርድሮበታል። የአልጋው ራስጌ በነበረበት በኩል የግድግዳው ጭቃ ጠቁሮ ወዝቷል። ተንበርክካ ጆሮዋን አስጠጋችው። ከማዶ የራሷ የልጅነት መኝታ ነበረ። እናቷም በዚህ በኩል ሆና እሷ ስትገላበጥና ስትተነፍስ ስትሰማት እንደኖረች ያኔ ገባት። እትዬ አሰፋች መጥተው እጇን ይዘው እስኪያነሷት ድረስ ከዚያ አልተነሣችም።

በጥቅምት ቆዳዋ ጠራ፤ ማሳከኩም ተወት አደረጋት። ድምፁ ግን አልፎ አልፎ ይመጣል። ያኔ ወደ እጇ ታያለች፤ እጇ ጭኗ ላይ ነው።

እሑድ እሑድ የዘጠኝ ዓመት ልጇ ኤፍራታ ከኋላዋ ወንበር ላይ ቆማ የሚያለሰልሰውን ቅባት ትቀባታለች።

«እኔም ላይ ይወጣል?» ብላ ጠየቀቻት አንድ ጊዜ።

«ሊወጣ ይችላል። ከወጣ እናሳክመዋለን።»

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «ለአያቴስ ማን ይቀባላት ነበር?» አለች።

ሐመልማል የቅባቱን ዕቃ ወደ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ያዘችላት።

«ማንም» አለች።