የብሪዮኒ ዕድሜ

የኮድ ሰዎች ጉድ ናቸው። ኮዳቸው መሥራቱን የሚፈትሹበት የሙከራ ስም ሲያስፈልጋቸው ሩቅ አይሄዱም፤ የሚስታቸውን ወይም የውሻቸውን ስም ጻፍ አድርገው ያልፋሉ። የታዝማኒያዋ የወደብ ከተማ በርኒ የሚኖረው ሮላንድ ፓይበስም ከዘጠኝ ዓመት በፊት የልጁን ጻፈ፤ «ብሪዮኒ፣ ዕድሜ አራት፣ የምትወደው መንደሪን።» በዚያው ክረምት ብሪዮኒን ማጅራት ገትር በሁለት ቀን ቀጠፋት። መስመሯ ግን እዚያው ቀረች።

ኮዱ ስዋግ ይባላል። መረጃ ጠቅልሎ ይልካል፣ የደረሰበት ኮምፒውተር ላይ እንደነበረ ይፈታዋል። ማንም በነጻ ይጠቀምበታል፣ ማንም ማሻሻያ ይልክለታል፤ የሚቀበለውና የሚመልሰው ሮላንድ ነው። አንድ ሰው ኮዱ ውስጥ አንዲት ፊደል በነካ ቁጥር ብሪዮኒ ተጠቅልላ ትፈታለች፣ ሙከራውም «ልክ ነው» ይላል። ሮላንድ ይህን በየቀኑ ያያል። አያለቅስም። ካለቀሰ ቆይቷል።

ማክሰኞ ዕለት ሴሚሲ የሚባል የፊጂ ተማሪ ከሱቫ ማሻሻያ ላከ። ረዣዥም ስሞች ሲፈቱ ጭራቸው እንደሚቆረጥ ደርሶበት አስተካክሎታል። ሥራው እንከን አይወጣለትም። ግን የብሪዮኒን መስመር አጥፍቶ የአያቱን ረዥም ስም ተክቶበታል፤ «የድሮው በጣም አጭር ነው፣ ምንም አያረጋግጥም» ብሎ።

ሮላንድ አነበበው። የገዛውን የስካሎፕ ፓይ በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ ተመልሶ አነበበው። ምንም አልተሰማውም።

እሑድ ግሌኒስ ከኒውዚላንዷ ደኒደን ደወለች። ስዋግን አብራው የጀመረች፣ በቀብሩም ቀን አጠገቡ የቆመች ናት። ከዚያ ወዲህ የመጡት ሠራተኞች ስለ ልጅቷ አያውቁም፤ እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖሯል።

«ልጁ አምስት ቀን ሙሉ እየጠበቀህ ነው እኮ! ምን ሆነሃል?»

«እያየሁት ነው።»

«ስታይ ከረምክ! እምቢ በለውና ገላግለው።»

«ያለ ምክንያት እምቢ አይባልም።»

«ማን ነው ያለው?»

«አንቺ ነሻ። ደንቡን ማን ጻፈው?»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ድምጿ ወረደ። «እንግዲያው ምክንያቱን ንገረው፣ አንተ ደረቅ። ሞታለች በለው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይቺ ቃል አንድ ቀን ከአፍህ አልወጣችም።»

«መስኮት ልዝጋ፣ ዝናብ እየገባ ነው» አለና ስልኩን ዘጋው። ዝናብ አልነበረም።

ሻይ አፍልቶ ተቀመጠና ጻፈ፤ «ጥሩ ሥራ ነው፣ እናመሰግናለን። የአያትህን ስም ከሥር ጨምረው። ከላይ ያለችውን ግን አትንካት፣ ልጄ ናት።» የቀረችውን ቃል ሊጨምር ጣቱን አነሳ፤ ጣቱ እምቢ አለው። እንዲሁ ላከው።

የሴሚሲ መልስ ሻዩ ሳይበርድ መጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጅዎ መሆኗን አላወቅኩም! አሁኑኑ መልሻታለሁ። ግን መስመሯ የተጻፈችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፣ ዛሬም አራት ትላለች። አሁን ስንት ዓመቷ ነው? ላስተካክልልዎት።»

ሮላንድ ዘጠኝና አራትን ደመረ። አሥራ ሦስት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ደምሮት አያውቅም ነበር። ብርጭቆውን ሳያይ በክርኑ ገፋው፣ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሳይጠርገው ወደ ፊደሎቹ ተመለሰ።

«አራት» ብሎ ጻፈለትና ማሻሻያውን ተቀበለ።