ሊቀ ወረፋ

ስልኩ ሲጮህ ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደ ሴትዮዋ ጭን ዞረ። የሚጮኸው የሟቹ ባሏ ስልክ ነበር።

«ተይው፣ አታንሺው» አለች ከጎኗ ያለችው ጎረቤት በሹክሹክታ። «መሞቱን ያልሰማ ሰው ነው የሚሆነው።»

ሴትዮዋ አነሳችው።

«ጋሼ! እንኳን ደስ ያለዎት!» የውጭ አገር ጉዟቸውን ጉዳይ የሚያስጨርሰው ወኪል ድምፅ ከስልኩ ፈንድቶ ክፍሉን ሞላው። «ወጣ! ቀጠሮው ወጣ! ለአሻራና ለቃለ መጠይቅ በሚቀጥለው ሳምንት መላው ቤተሰብ ይቅረብ ብለዋል! ትንሽ ነው የቀረው አላልኩዎትም? አላልኩም?»

«እሱ የለም» አለች።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ትናንት ቀበርነው።»

ወኪሉ ቀጥሎ የተናገረው ዝቅ ባለ ድምፅና በጥድፊያ ነበር። «ለማንም እንዳይናገሩ። መጣሁ።»

ለማንም እንዳይናገሩ! ጥቁር የለበሰ ዘመድ ላይ በላይ ተደራርቦ በተቀመጠበት ቤት! ያ ሁሉ ሰው ደግሞ የተቀመጠው ወንበር ላይ አልነበረም፤ ሻንጣ ላይ ነበር። የአናጺ ቤት ነው፣ ግን ወንበር አልነበረውም።

ሰውየው የታወቀ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነበር፤ እሱ የገጠመው በር ሲዘጋ ድምፅ አያሰማም ይሉለት ነበር። አንድ ሩቅ አገር «ገንዘቡን እዚህ ላፈሰሰ ሰው የመኖሪያ ፈቃድ እንሰጣለን» ሲል ወርክሾፑን ሸጦ እዚያ በሚሠራ ሆቴል ላይ አዋለው። ወኪሉም «ዕቃችሁን ሸክፉ፣ ትንሽ ነው የቀረው» አላቸው። ሶፋው ተሸጠ፣ ወንበሮቹ ተሸጡ፣ ቁም ሳጥኑም ሄደ። ሻንጣ ተገዝቶ ልብስ ተሞላ። አንዲት ሴት ልጃቸው አደገችና ሻንጣ ውስጥ ያለው ልብስ ጠበባት፤ ሻንጣዎቹም መቀመጫ ሆነው ቀሩ። ጣሪያው ሲያፈስ «ልንሄድ እኮ ነው» ተብሎ ባልዲ ተደቀነለት።

የዚያ አገር ቢሮ የሰውየውን ገንዘብ ለመቀበል አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው፤ ሰውየውን ለመቀበል ግን ዓመታት አልበቁትም። ደንብ ተለወጠ፣ ሹም ተለወጠ፣ ወረፋው ረዘመ። ስልክ ከፍቶ ለጠየቀ የሚሰጠው መልስ ብቻ አልተለወጠም፤ «በሂደት ላይ» ይላል። ሌባ እንኳ ሰርቆ ይሸሻል፣ ያፍራል፤ ይህ ቢሮ ግን ወስዶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ነገ ተመለሱ ይላል። ይህን በትዕግሥት ማለፍ ጨዋነት ነው የሚል ካለ መጥቶ ሻንጣ ላይ ይቀመጥና ይሞክረው።

ወኪሉ ሱፉን ግጥም አድርጎ ደረሰ። ሴትዮዋ ሆን ብላ ትልቁን ሻንጣ አሳየችው። ሲቀመጥ ሻንጣው ከሥሩ ሰመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለና ጥድፊያው አላስቀመጠውም። «ነገሩ እንዲህ ነው፣ እትዬ። ፋይሉ በጋሼ ስም ነው። መሞታቸው ከተሰማ ይዘጋል። እንደ አዲስ ካመለከቱ የሚሰለፉት ከጅራቱ ነው። ተራው እስኪደርስ ደግሞ ልጅቷ ዕድሜዋ ያልፋል፣ በልጅነት አትካተትም።»

ሁሉም ልጅቷን አየ። ከአባቷ ጋር የዚያን አገር ቋንቋ እየተለማመደች ያደገች፣ እዚያ ሄዳ ድልድይ መሥራት ልትማር ያሰበች ልጅ ናት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨርሳለች። የቀራት መሄድ ነው።

«መላ አለኝ» አለ ወኪሉ፤ ወደ ሟቹ ታላቅ ወንድም ዞረ። ይህ ሰው ጡረታ የወጣ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ቤተሰቡ ጋሽ ፊሽካ ይለዋል። «አሻራ ገና አልተሰጠም። ፎቶው የድሮ ነው። እርስዎ ጢምዎን ተላጭተው መነጽር ካደረጉ ቁርጥ እሳቸውን ነዎት።»

ጋሽ ፊሽካ ዕድሜ ልኩን ሰውን በቀይ መብራት አለፍክ እያለ ሲቀጣ የኖረ ነው። አገጩን ደባበሰ። «ጢሙስ ግድ የለም» አለ። «ግን እሱ ጸጉር ነበረው።»

«ኮፍያ!» አለች አንዷ አክስት።

«ኮፍያማ በር ላይ ያስወልቃሉ።»

«ታሞ ነው ጸጉሩ የረገፈው እንላለና!»

«ታሟል ካልሽማ ማን ያስገባዋል? ጤነኛውን መቼ አስገቡት!»

ለቅሶው ተረሳ። አንዱ መነጽሩን አውልቆ ለጋሽ ፊሽካ አቀበለው፤ ሌላው ቁመቱን ለመለካት አስነሳው። ሲያለቅሱ የዋሉ ዓይኖች አበሩ። ይህ ሁሉ ሰው አናጺውን እንኳን ደስ ያለህ ሊል የተሰበሰበ ይመስል ነበር።

«እና እዚያ ስንገባ» አለች ልጅቷ ከግድግዳው ጥግ፣ «አጎቴን አባዬ ልለው ነው?»

ጋሽ ፊሽካ መነጽሩን አወለቀ።

ሁሉም ሴትዮዋ ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፤ ከዚህ ባነሰ ነገር ቤት የምታንቀጠቅጥ ሴት ናት። እሷ ግን ልጇን አየች። የአንዲት ልጅ ዕድሜ ከአንድ ቢሮ ጋር እየተሽቀዳደመ ነው፤ ቢሮው ደግሞ አይሮጥም። «እስከ ነገ ላስብበት» አለች። እንዲህ ማለቷ ራሷንም አስደነገጣት።

ሰው ቀለል ሲል ወደ ኩሽና ገብታ ብርጭቆ ታጥብ ጀመር። ቅዳሜዎቹ ትዝ አሏት። ባሏ ቅዳሜ በጠዋት ወጥቶ ወደ ማታ ነበር የሚመለሰው።

«የት ዋልክ?»

«ፋይሉ ዘንድ።»

«ጣውንቴ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። በሂደት ላይ ነኝ በልልኝ ብላለች።»

ሳትወድ ትስቃለች፤ ከዚያ በመሳቋ ትናደዳለች። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል፣ ከባድ ሥራ ይቅርብህ ካለው ወዲህ መዶሻ እንዳይነካ አስምላው ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ሙሉ ወኪሉ ደጃፍ ላይ ተገትሮ የሚውል ነበር የሚመስላት። እንደዚያ ያለ ሰው፣ ከደረቅ ጣውላ ጋር ተነጋግሮ የሚግባባ ሰው፣ ቆሞ ጠብቆ ሞተ። ያንገበገባት ይህ ነበር። መሞቱን ሳይሆን ቆሞ መጠበቁን ነበር ይቅር ያላለችው።

በማግስቱ ጠዋት ደጅ ላይ የመኪና ጥሩንባ ጮኸ። አንድ አውቶቡስ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ከውስጡ የማታውቃቸው ሰዎች እየተጋፉ ይወርዳሉ፤ እያንዳንዳቸው ወንበር ተሸክመዋል። ከፊት ያለው ወፍራም ሰው በሁለት እጁ ሁለት አንጠልጥሎ ያለከልካል።

«የሊቀ ወረፋ ቤት ይህ ነው?»

«የማን?» አለ ጋሽ ፊሽካ።

«የሊቀ ወረፋ! የአናጺው!»

ወንበሮቹ በለቀስተኛው ራስ ላይ እየተቀባበሉ ገቡ። ሰው ከሻንጣው እየተነሳ ተቀመጠባቸው። አንድም የሚነቃነቅ ወንበር አልነበረም። መነጽር ያደረገች ቀጭን ሴት ሴትዮዋ እግር ሥር በርከክ ብላ እጇን ያዘቻት።

«እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ያ ወፍራሙ የአውቶቡሱ ባለቤት ነው። ሁላችንም ጠባቂዎች ነን፣ በዚያው ወኪል፣ በዚያው ሆቴል። ደጃፉ ላይ እርስ በርስ ስንናከስ ነው ባለቤትዎ ያገኙን። ‹እዚህ ቆመን ከምንሻግት ተከተሉኝ› አሉና ከሸጡት ወርክሾፕ አንዲት ጥግ ተከራይተው ወሰዱን። እዚያ ወረፋ የለም፣ አንዱ ሲቆርጥ አንዱ ይልጋል። ያኔ ነው ሊቀ ወረፋ ያልናቸው።»

«መዶሻ ይዞ ነበር?» አለች ሴትዮዋ። ድምፏ ተመልሶ መጣ። «እኔ አስምዬው?»

«በፍጹም!» አለ ባለ አውቶቡሱ። «ሚስቴ አስምላኛለች እያለ ቁጭ ብሎ መዶሻውን እኛን ነው ያስያዘን! የመጀመሪያ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ተሰባብሮ መሬት ላይ ዘረጋው። አቧራውን አራገፈና ‹ይህ እንደ ቪዛችን ነው፣ አለ ይባላል እንጂ ሰው አይችልም› አለኝ!»

ሳቅ ፈነዳ። ሴትዮዋ አልሳቀችም። «እኛ ሻንጣ ላይ ስንቀመጥ?»

«ይውሰዱ ስንላቸው» አለች ፋርማሲስቷ፣ «‹ከየት አመጣኸው ስትለኝ ምን ልላት ነው?› ይሉናል። ከእኛ ይልቅ እርስዎን ነበር የሚፈሩት።»

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ትስቅ እንደሆነ ታለቅስ እንደሆነ ከጎኗ ያለችው ጎረቤት እንኳ አላወቀችም።

በዚህ መሀል ወኪሉ መልስ ሊሰማ መጣ። አውቶቡሱን አይቶ በሩ ላይ ቀዘቀዘ።

«አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለች ፋርማሲስቷ።

«አጎቴን አባዬ በይው ብሎኛል» አለች ልጅቷ።

ፋርማሲስቷ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምታ ብድግ አለች። «ይህ ቢደረስበት ልጅቷ ያንን አገር ዕድሜ ልኳን አትረግጥም! አውቀህ ነው ወይስ የመጨረሻ ክፍያህ እንዳይቀርብህ?»

«ሌላ መንገድ ካለሽ ንገሪን!»

«አለ! ሊቀ ወረፋ ‹ብንሞትስ?› ብለው ጠይቀውህ ምን አልካቸው? ሟርት ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም አልክ። እኛም ሳቅንባቸው። እሳቸው ግን በዚያች በተለማመዷት ቋንቋ ራሳቸው ቢሮው ጋ ደወሉ። ሚስት ቀድማ ሁለተኛ ባለሀብት ሆና ከተመዘገበች፣ ባል ቢሞት ቦታውን እንደያዘች ትቀጥላለች አሏቸው። ከመካከላችን ሚስቱን ያስመዘገበ እሳቸው ብቻ ናቸው። ማረጋገጫው የመጣ ቀን ወንበር ላይ ወጥተው ሲጨፍሩ ‹ልብዎን!› ብዬ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ!»

ሴትዮዋ ልብስ ስትተኩስ የነበረበት ቀን ብልጭ አለላት። «እዚች ላይ ፈርሚልኝ» አላት ባሏ ወረቀት ዘርግቶ። «ደግሞ ምንድን ነው?» ስትለው፣ «ብሞት ጣውንትሽን እንድትወርሺያት ነው» አላት። ሟርተኛ ብላ ሰድባው፣ ሳታነብ ሞነጫጭራ፣ እስክርቢቶውን ወርውራበት ነበር። እሱም እስክርቢቶውን ከመሬት አንስቶ እየሳቀ ወጣ። ስለዚህ ቆሞ አልሞተም። ልቡ ቀድሞ እንደሚደክም አውቆ፣ ከዚያ ቢሮ ጋር እልህ ተጋብቶ ነበር።

«በእኔ በኩል እንዲህ ያለ ነገር አልመጣም» አለ ወኪሉ።

«በአንተ በኩልማ ምን መጥቶ ያውቃል!» አለ ባለ አውቶቡሱ። ቤቱ ታመሰ። ሁሉም ባንዴ ይጮሃል። ጋሽ ፊሽካ፣ ከትናንት ጀምሮ የሰው ዓይን ሲሸሽ የቆየው፣ ተነስቶ መሀል ገባ፤ አንድ እጁን ዘርግቶ ለቀስተኛውን አቆመ፣ በሌላው ወኪሉን ወደ በሩ አሳለፈው። «ቀጥታ» አለው። «መዞር ክልክል ነው።»

«ግን ከቀጠሮው በፊት ሞታቸውን ራስዎ መናገር አለብዎት» አለች ፋርማሲስቷ። «ዛሬ። አሁን።»

ልጅቷ በአባቷ ስልክ ደወለችና ለእናቷ ሰጠቻት፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው። ሙዚቃ መጣ። «ጥሪዎ ለእኛ ከፍተኛ ዋጋ አለው፣ እባክዎ በትዕግሥት ይጠብቁ» አለች አንዲት ሴት በብዙ ቋንቋ፣ በመጨረሻም በእነሱ።

«የድሮ ወዳጃችን!» አለ ባለ አውቶቡሱ፤ ጠባቂዎቹ በሳቅ ተንከተከቱ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከነዜማዋ በቃላቸው ይዘዋታል። ሙዚቃው ሄደ፣ ተመለሰ። ልጅቷ የእናቷን ትከሻ ጨምድዳ ይዛለች። አክስቶች ወንበሮቻቸውን እየጎተቱ ቀረቡ።

መጨረሻ ላይ አንድ ሠራተኛ ተነሳ፤ ከእሱ ጋር የሚያስተረጉም ሰው። ሴትዮዋ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሳትንተባተብ፣ ባሏ መሞቱን ተናገረች። የምትጠየቀውን መለሰች። በማዶ በኩል ጣቶች ፊደል ሲመቱ ይሰማል።

«ሁለተኛዋ ባለሀብት እርስዎ ነዎት» አለ አስተርጓሚው። «ተረጋግጧል። ቦታዎ አልተነካም። ልጅዎም በፋይሉ ውስጥ ናት። ቀጠሮው በነበረበት ቀን ይቅረቡ።»

አንዷ አክስት «እል—» ብላ ጀምራ በሁለት እጇ አፏን አፈነች። ባለ አውቶቡሱ ጋሽ ፊሽካን ከመሬት አንስቶ አቀፈው። ልጅቷ ባለችበት ትዘላለች፣ ፋርማሲስቷ ትዘላለች፣ ጎረቤቷ «ኧረ ለቅሶ ነው! ኧረ በሕግ!» እያለች እሷም ትዘላለች።

«አንዲት ጥያቄ ቀርታለች» አለ አስተርጓሚው። «የመጀመሪያው አመልካች ስም ከፋይሉ እንዲወጣ ይስማማሉ?»

ሴትዮዋ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ይሰሙኛል? ባለቤትዎ ከፋይሉ እንዲወጡ ይስማማሉ?»

ነቀነቀች። ደግማ ነቀነቀች፣ በሁለት እጇ ስልኩን እንደያዘች። ዝላዩ አንድ በአንድ ቆመ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «አያይሽም እኮ።»

«ይቅርታ፣ ድምፅዎ አልመጣም» አለ አስተርጓሚው። «ግድ የለም። እጠብቃለሁ።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች።